በየብርጓል ፋይል ውስጥ ያለው ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፤ የቅየሳና ካርታ ማዕከላችን ባልደረቦች፤ በዚህ በነሐሴ ዝናብ ከሉማሜ፣ ከደብረ ኤልያስና ከጉንደ ወይን ጭቃ ረግጣችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ አዳራሹን ላሰናዳችሁት፣ ምሳውን ላበሰላችሁት፣ ስለ እኔም ያን ሁሉ ደግ ነገር ለተናገራችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ እንዳላማው፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ስሞገስ ሰምቼ አላውቅም። ለካ ሰው ሙገሳ የሚያገኘው ወይ ሲሞት ወይ ጡረታ ሲወጣ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ስለማይኖር አሁኑኑ ሳቁ።

ባለቤቴ ጠዋት ክራቫቴን እያስተካከለች፣ በመጨረሻው ቀንህ እንኳ ሰው አትቆጣ አለችኝ። እሺ አልኳት። ዋሸኋት። እኔ አለበል ዛሬ ተናድጃለሁ። ትናንትም ተናድጄ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተነሣሁ ውኃ የምጠጣው ስኳር ይዞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። በየብርጓል የግል ፋይል ውስጥ አንድ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። የብርጓልን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ሰርቨራችንን ስትጠብቅ የኖረችው ባለሙያ ናት። ደብዳቤው «በግዴለሽነት የማዕከሉን ሥራ ለአሥር ሳምንት አስተጓጉላለች» ይላል። እሷም ከቦታዋ ተነሥታ ንብረት ክፍል ወንበርና መጥረጊያ እንድትቆጥር ተመድባለች። የመረጃ ክፍል ኃላፊነት ውድድር ላይ ተመዝግባለች፤ የተወዳዳሪዎች ፋይል የፊታችን ሰኞ ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ያ ደብዳቤ አብሮ ከሄደ ነገሩ አለቀ፤ ሌላውን ወረቀቷን የሚያነብም የለም፣ የሚጠራትም የለም።

ደብዳቤው ውሸት ነው። እንዴት ውሸት እንደሆነ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሥራችን ምን እንደሆነ፣ ለእንግዶቹም እንዲገባ፣ ባጭሩ ልናገር። የካርታ ፕሮግራሙ ያለው እዚህ ደብረ ማርቆስ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። ቅርንጫፎች ያሏቸው ላፕቶፖች አቅመ ደካማ ስለሆኑ ፕሮግራሙን አይሸከሙትም። ስለዚህ የጉንደ ወይኗ ሰልማ በኤስኤስኤች በኩል ወደ ሰርቨሩ ትገባለች፤ ኤስኤስኤች ማለት ማንም ጆሮውን የማይደቅንበት፣ የተጠበቀ መግቢያ ነው። ፕሮግራሙ እዚህ ይሠራል፣ መስኮቱ ግን እዚያ በእሷ ስክሪን ላይ ይከፈታል። ደብረ ማርቆስ ያለውን የማሳ ካርታ ጉንደ ወይን ተቀምጣ ታየዋለች ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው። የሠራችው የብርጓል ናት፤ ማን አመሰገናት?

ከፋሲካ በኋላ ኦዲተሮች መጡ። ድሮ ሁላችንም በአንድ ስም፣ በሥራ አስኪያጁ ስም ነበር የምንገባው። ይህ ነውር ነው፣ ሰው ሁሉ በየራሱ ስም ይግባ አሉ። የብርጓልም ታዝዛ ለእያንዳንዳችን ስም ከፈተች፣ በሥራ አስኪያጁ ስም ከውጭ መግባትን ዘጋች። አቶ እንዳላማውም የይለፍ ቃላቸውን ከእንግዲህ ለማንም እንደማይሰጡ ፈረሙ።

በማግስቱ መስኮቱ አልከፍት አለ። በሉማሜ አልከፍት አለ፣ በደብረ ኤልያስ አልከፍት አለ፣ በጉንደ ወይን አልከፍት አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ነገር አልከፍት ሲል ምን ይደረጋል? የሚመጣው ጽሑፍ ይነበባል። በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይጻፋል እኮ! ማሳያውን መክፈት አልቻልኩም፣ ፈቃድ የለኝም ይላል። የብርጓል በየቀኑ ስልክ ይደወልላታል። «አልከፍት አለ።» «ምን ብሎ ጻፈ?» «ኧረ እንግሊዝኛ ነው፣ ብቻ አልከፍት አለ።» «ፊደሉን አንድ በአንድ ንገሩኝ።» «ጠፋ እኮ አሁን።» እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እግዜር ይቁጠረው። ዲግሪ ይዘን ሁለት መስመር የምናነብበት ዓይን አጣን?

ለባለጉዳዩስ ምን አልን? «ሲስተም የለም» አልን። ይቺን ሁለት ቃል የፈጠረ ሰው አፈር ይብላ። ገበሬ ከሌሊቱ ተነሥቶ መጥቶ ሲስተም የለም ሲባል ምን ይበል? ከማን ጋር ይሟገት? ሲስተም እናት የለው፣ አባት የለው፣ በሽማግሌ አይለመን።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ የደብረ ኤልያስ ሴት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጎረቤት ድንበር እየገፋባቸው ይከሳሉ። ፍርድ ቤቱ የማሳቸውን ካርታ አምጡ አላቸው። ሦስት ጊዜ ወደ ቅርንጫፋችን መጡ፣ ሦስት ጊዜ ሲስተም የለም ተባሉ። ሦስተኛው ጊዜ እኔው ነበርኩ የነገርኳቸው፤ ከቅርንጫፉ በስልክ አገናኝተውኝ። «ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ መቼ ነው የሚመለስ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ይገርማችኋል፣ ሳቅሁ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ተዘጋ፣ እሳቸውም ለጥቅምት ተቀጠሩ። ጎረቤትየው በሐምሌ የተከራከሩበትን መሬት አርሶ ጤፍ ዘርቶበታል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

ወደ የብርጓል ልመለስ። ልጅቱ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እዚሁ ሆና በራሷ ስም ገብታ ሞከረች፣ ተከፈተ። ዘጋች፣ ደግማ ሞከረች፣ ተከፈተ። አውቶቡስ ይዛ ሉማሜ ወረደች። «እናንተው በስማችሁ ግቡና አሳዩኝ» አለቻቸው። ገቡ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ተመልሳ መጣች። ገና ከመናኸሪያው ሳትወጣ ተደወለላት። «እንደገና አልከፍት አለ።»

ይህን ጊዜ ሐሜቱ ተጀመረ። እሷ ስትመጣ ይከፍታል፣ እሷ ስትሄድ ይዘጋል ተባለ። ባለፈው ዓመት እድገት ስለተከለከለች ቂም ይዛ ነው ተባለ። አውቃ ነው የምትዘጋብን፣ እንድንለማመጣት ነው ተባለ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ያላላችሁት ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፣ አልቆጥርም። እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ «ይሆናል» ብያለሁ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ አገር ነገር ሲበላሽ ከመፍቻ በፊት ኮሚቴ ነው የሚመጣው። አምስት ሰው ሆንን፣ እኔ በዕድሜዬ ሰብሳቢ ተደረግሁ። ራውተር ይቀየር ያለ ነበር፣ ኬብሉን አይጥ በልቶት ይሆናል ያለም ነበር። የብርጓል ግን የሰርቨሩን መዝገብ አትማ ይዛ ቀረበች። ጣቷን አስቀምጣ አሳየችን። «እዩ፣ ሰዎቹ በራሳቸው ስም ከገቡ በኋላ አንድ ሰው ወደ ሥራ አስኪያጁ ስም ይቀየራል። ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ። መዝገቡ የቀየረውን ሰው ስም አይዝም፤ ይህ ማን ነው? እሱን ከነገራችሁኝ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ» አለች።

አቶ እንዳላማው ተጠርተው ገቡ። «እኔው ነኝ የገባሁት» አሉ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይቅርታዎን፤ እርስዎ አልነበሩም። ካርታ መክፈት አይችሉም፣ ሞክረውም አያውቁም። ለኦዲተሮች የፈረሙት ወረቀት አሳስቦዎት ነው እንዲያ ያሉት። የብርጓልስ? ምን ትበል? አለቃዬ ዋሹ ትበል? መዝገቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ማስጠንቀቂያው ደረሳት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ በደብዳቤ ቁጥር ተመዝግቦ ሳየው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

እርስዎ እንዳልነበሩ በምን አወቅሁ? የይለፍ ቃልዎን ለቅርንጫፎቹ ያደልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አዎ። አሁን ቀና ብላችሁ አያችሁኝ። ጥሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካርታው ግርጌ ላይ የሠራው ሰው ስም ይታተማል። እኔ ከጥንት ጀምሮ፣ ከታች የሥራ አስኪያጁ ስም የሌለበት ካርታ ክብር የለውም፣ ዳኛም አይቀበለውም እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ማን ነገረኝ? ማንም። ዳኛው የሚያየው ማኅተምና ፊርማ ብቻ ነው። ግን ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ሲናገር ማን ይጠይቀዋል? ኦዲተሮቹ ስማችንን በለያዩ ጊዜ ለየቅርንጫፉ በእጄ ጽፌ ወረቀት ላክሁ። አንደኛው መስመር ላፕቶፑን ክፈቱ ይላል፤ ሁለተኛው ወደ ሰርቨሩ ግቡ፤ ሦስተኛው የራሳችሁን ስም ስጡ፤ አራተኛው መስመር «ወደ ሥራ አስኪያጁ ስም ተቀየሩ»፤ ከሥሩ ያው የድሮው የይለፍ ቃል። ከዚህ በኋላ ነው ፕሮግራሙን ክፈቱ የሚለው። ስልክ ደውዬም፣ ይህች ነገር በመካከላችን ትቅር አልኳቸው።

በመካከላችን ቀረች! እንዴት አድርጋ ቀረች መሰላችሁ! የብርጓል ደውላ «ምን ምን አደረጋችሁ? አንድ በአንድ ንገሩኝ» ስትላቸው፣ አንደኛውን ይነግሯታል፣ ሁለተኛውን ይነግሯታል፣ ሦስተኛውን ይነግሯታል፣ አራተኛውን ይዘሉና «ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈትን» ይላሉ። የጋሽ አለበል ገመና እንዳይወጣ፣ የአለቃ ስም እንዳይነሣ። ሉማሜ አጠገባቸው ስትቆምም አፍረው አራተኛውን መስመር ዘለሉት። ስለዘለሉት ተከፈተላቸው! እሷን ከሸኙ በኋላ «ለናሙና ነው እንጂ ለሥራ እንዲህ አይሆንም» ብለው ወደ ወረቀቴ ተመለሱ። ሰልማን ጠይቋት፣ ይኸው ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ እርስዎን አሳልፌ ልስጥ እንዴ?» ነው ያለችኝ። በአክብሮት ሰው እንዲህ ይገደላል።

መስኮቱ ለምን አልተከፈተም? ቀላል ነው። ሰልማ በስሟ ስትገባ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የመግቢያ ካርድ በሰልማ ስም ይጽፍላታል። ያ ካርድ ሰልማ ኪስ ውስጥ ነው። ውስጥ ከገባች በኋላ ልብሷን ለውጣ «አቶ እንዳላማው ነኝ» ብትል፣ ካርዱ በአሮጌው ልብስ ኪስ ቀረ። መስኮቱን የሚከፍተው ካርድ አምጪ ይላታል፣ የላትም፣ አልከፍትም ይላል። በቃ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ሳምንት የፈጀው ይህ ነው። ሰርቨሩ አልተበላሸም፣ የብርጓል አልተሳሳተችም። ማሽኑ ብቻ ነበር በዚህ ማዕከል ውስጥ እውነት ሲናገር የከረመው፤ አንብቡኝ እያለ።

መቼ አወቅሁ? በሐምሌ አጋማሽ፣ ደብረ ኤልያስ ሄጄ። የዚያው ቅርንጫፍ ባለሙያ ደመላሽ ላፕቶፑን ከፈተልኝ። ከእኔ ስለማይደብቅ አራተኛውን መስመር ከግድግዳው ላይ እያየ ጻፈ። የስህተቱ ጽሑፍ መጣ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩት። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደመላሽ አሞዎት ነው ወይ ብሎ ውኃ አመጣልኝ።

ምን አደረግሁ? ወረቀቱን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩ። «በየራሳችሁ ስም ክፈቱ፣ ሌላውን ተዉት» ብዬ ለሦስቱም ቅርንጫፍ አሳወቅሁ። በዚያው ቀን ሁሉም ተከፈተ። እዚህ ስመለስ አቶ እንዳላማው አቀፉኝ። ጋሽ አለበል አዳነን ተባለ። እኔም ምንም አላልኩም።

አምስት ሳምንት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል ሰው። አይጠራም! የሚያጠራው ሰው ከሌለ ምኑ ይጠራል? አምስት ሳምንት አደረ፣ እኔ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኜ ተቀመጥኩ። ለምን? ፋይሌ ንጹሕ ነበራ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ የሌለባት ፋይል። ልጆቼ ፊት የምኮራባት። አንድ ወር ቀረህ፣ ዝም በል፣ በንጽሕና ውጣ አልኩት ራሴን። የንጽሕናዬን ዋጋ እሷ ንብረት ክፍል ተቀምጣ ከፈለችልኝ። አንድ ቀን መጥረጊያ ልፈርም ወረድኩ። ቆጥራ ሰጠችኝና «ጋሼ፣ ተከፈተ አሉኝ እኮ። ምኑ ነበር ችግሩ? ለትምህርት እንዲሆነኝ ነው» አለችኝ። ለትምህርት! ቂም አልነበራትም፣ ማወቅ ነበር የፈለገችው። ኔትዎርክ ነው ብያት ወጣሁ። ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሙያ ሰው ፊት ቆሜ ሙያዋን ዋሸኋት።

እና ዛሬ ይህን የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብታችሁ ሰጣችሁኝ። «የርቀት ካርታ አገልግሎቱን ከመቋረጥ ለታደጉ» ይላል። ደሜ አናቴ ላይ የወጣው ያኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፣ የሚፈልገው ይውሰደው፤ መስታወቱ ይጠቅማል።

ባልደረቦቼ፣ ወደ እዚህ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። አንድ ደብዳቤ አስገባሁ፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማኅተም ተመቷል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የይለፍ ቃሉን ያደልኩት እኔ መሆኔን፣ አራተኛውን መስመር የጻፍኩት እኔ መሆኔን ይናገራል፤ ያን በእጄ የጻፍኩትን ወረቀትም አያይዤበታለሁ። ፋይሌ ከመዘጋቱ በፊት በፋይሌ ውስጥ ይግባ ብያለሁ። ጡረታዬ ላይ ችግር ያመጣ እንደሆነም ያምጣ። ግልባጩ ለአቶ እንዳላማው፣ ለኦዲት ክፍል፣ ለውድድር ኮሚቴውም ነው። ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም ካርታው የዘገየው በእኛ ጥፋት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ለፍርድ ቤት እንዲጻፍላቸው ጠይቄያለሁ። ሲስተም የለም ከተባሉ ወዲህ ተመልሰው አልመጡምና ካርታውን ቅዳሜ ራሴ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሲሰድቡኝ ቆሜ እሰማለሁ።

የብርጓል፣ በሩ አጠገብ ቆመሽ አየሁሽ። ወንበሩን ቆጥረሽ ልትመልሺ እንጂ ተጋብዘሽ እንዳልመጣሽ አውቃለሁ። ጋባዦቹ ስምሽን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገቡትም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። እህቴ፣ በድዬሻለሁ። የተዋረድሽው በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውንም ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ አልጠይቅሽም። ዛሬ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ስትችዪ፣ ከቻልሽ። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ግን ዘግይቼም ቢሆን መልስ ሰጥቼሻለሁ።

አሁን ልመርቃችሁና ልውረድ። ለሁላችሁ ጤና ይስጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። መጪውን ዘመን የሰላምና የጥጋብ ያድርግላችሁ። ወጣቶቹን፣ ሽማግሌ ሲሳሳት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የምትሉበትን ድፍረት ይስጣችሁ፤ ሽማግሎቹን ደግሞ ሰምታችሁ የምትታረሙበትን ልብ። ባለጉዳይ በራችሁ ላይ የማያለቅስበት ቤት ያድርግላችሁ። እናንተ ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም በየዱዓችሁ አስቡኝ። ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ ያስቀየማችሁኝን ይቅር ብያለሁ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

አቶ እንዳላማው፣ ያ አንድ ሰው እርስዎ አይደሉም፣ አይደንግጡ፤ እኔው ነኝ። እርስዎ ግን ገና ጡረታ አልወጡም፣ ጊዜ አለዎት። ማስጠንቀቂያውን የሚሽር ደብዳቤ ጸሐፊዎ አሰናድታ ፊትዎ አስቀምጣለች፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እሷም ቆማለች፣ እነዚህም ሁሉ ተቀምጠዋል። ማይክራፎኑ ይኸው፤ እኔ ጨርሻለሁ፣ ተራው የእርስዎ ነው።